ጋሼ ቢያነቡት ያርሙት የነበረ ዜና ዕረፍት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው ወር በውስጥ ገጻችሁ በ92 ዓመታቸው ያረፉ የአንድ መሐንዲስ አጭር ዜና ዕረፍት አውጥታችኋል። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተዘጋጀ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቤተሰቡም ከልብ አመስግኖበታል። ይሁን እንጂ በሟቹ ሥር 14 ዓመት የሠራሁ፣ ከዚያ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከቤታቸው ያልተለየሁ እንደመሆኔ፣ እሳቸው ቢያነቡት ኖሮ በእርሳስ አስምረውበት በማግስቱ ወደ ዝግጅት ክፍላችሁ ይልኩት የነበረ ነገር አግኝቼበታለሁ። አሁን መላክ ስለማይችሉ በእሳቸው ምትክ እኔ ልኬላችኋለሁ።

ስማቸውን እዚህ የማልደግመው ልጆቻቸው ስለጠየቁኝ ነው። «አንድ ጊዜ ታትሟል፤ አባባ ሁለተኛውን አይወዱትም» አሉኝ። ስለዚህ በሥራ ቦታም በቤታቸውም እጠራቸው እንደነበረው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዜና ዕረፍቱ «ታላቁ ኢንጂነር» ብሎ ይጀምራል። «ታላቁ» የሚለውን ለፈራጅ ልተወው። «ኢንጂነር» የሚለውን ግን ጋሼ ከስማቸው ፊት አስቀድመው አያውቁም። እንዲህ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሳቸው መልሱን ሲጽፉ ስማቸውን ብቻ አስፍረው ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «የመንገድና ድልድይ መሐንዲስ» በማለት ያስተካክሉት ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ይህ እኮ የምሠራው ሥራ ነው፤ አንጥረኛ ጎረቤትሽን አንጥረኛ እገሌ እያልሽ ትጠሪዋለሽ?» አሉኝ። ሁለተኛ ልጃቸው በዚያው ሙያ ከተመረቀች በኋላ ደግሞ ስልክ ተደውሎ «ኢንጂነርን ፈልጌ ነበር» ሲባሉ፣ «የትኛዋን?» ብለው ስልኩን ለእሷ ያቀብሉ ነበር።

ቀጥሎ «ከ40 በላይ ድልድዮችን ገንብተዋል» ይላል። ይህን ቁጥር ማን እንደሰጣችሁ ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልተገኘም። ጋሼ ግን መዝገብ ነበራቸው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ በላብና በሲሚንቶ የጠቆረ ደብተር ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ አሳዩኝ። በውስጡ 31 ሥራዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም በዘጠኙ አጠገብ «ካልቨርት ነው፤ ድልድይ አይባልም» የሚል ማስታወሻ በራሳቸው እጅ ተጽፏል፤ ካልቨርት ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ ወይም ቦይ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 22 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ግን «ገንብተዋል» የሚለው ግስ ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ገጽ ላይ የቀያሹ፣ የፎርማኑ፣ የአናጢው፣ የፌሮ ሠራተኛውና የግንበኛው ስም፣ አንዳንድ ቦታም ውሃ ያመላልስ የነበረው የቦቴ ሾፌር ስም ሳይቀር ሰፍሯል። የእሳቸው ስም በአንዱም ገጽ ላይ የለም፤ መዝገቡ የራሳቸው ስለሆነ ማን እንደያዘው ያውቁታልና።

እርማቱ ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር ጽፌ በላክሁት ነበር። የበለጠ ቦታ እንድትሰጡኝ የምለምነው፣ ዜና ዕረፍቱ ሊይዘው ያልቻለው ነገር ስላለ ነው። ጋዜጣ የሚጽፈው የሆነውን ነው። ጋሼ ደግሞ 38 ዓመት ሙሉ የደከሙት አንዳንድ ነገሮች እንዳይሆኑ ነው። ሐኪም ያዳነው ሰው ተመልሶ መጥቶ ያመሰግነዋል፤ በድልድይ ላይ በሰላም የተሻገረ ሰው ግን መሻገሩን እንኳ ልብ አይለውም። ያልወደቀ ነገር እንዴት ተደርጎ ይዘገባል? እኔ የምችለው በቅርብ ያየሁትን መናገር ነው።

ጋሼ የተማሩት ስሌት ሁሉ በእጅ በሚሠራበት ዘመን ነበር። ከደረት ኪሳቸው ስላይድ ሩል የሚባለው ተንሸራታች ማስመሪያ አይጠፋም ነበር። ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1614 ሎጋሪዝምን ካስተዋወቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ዊልያም ኦውትሬድ በሎጋሪዝም የተከፋፈሉ ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን በማንሸራተት ማባዛትን ወደ መደመር የለወጠበት መሣሪያ ሲሆን፣ ኤችፒ-35 የተባለው የኪስ ካልኩሌተር እ.ኤ.አ. በ1972 ገበያ ላይ እስኪወጣ ድረስ መሐንዲስ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም ነበር። መሣሪያው አንድ ጠባይ አለው፤ አሃዞቹን ይሰጣል እንጂ ነጥቡ የት እንደሚውል አይናገርም። 2.5 በ3 ቢባዛም ሆነ 250 በ30 ቢባዛ የሚነበበው ያው 7 እና 5 ነው፤ መልሱ 7.5 ይሁን 7,500 አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መሣሪያውን የያዘው ሰው ነው። ጋሼ ከዚህ የተነሣ ማንኛውንም ስሌት ከመጀመራቸው በፊት በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚጠብቁትን መልስ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። «ግምት» ይሉታል። ካልኩሌተሩ ሲመጣ አልተዉትም፤ ኮምፒውተሩም ሲመጣ አልተዉትም።

እኔም የተማርኩት በግምት እጦት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ድልድይ ወለል ስሌት በኮምፒውተር ሠርቼ፣ በንጹሕ ወረቀት አትሜ፣ አስጠርዤ አቀረብኩላቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ግምትሽ የት አለ?» አሉኝ። አልነበረኝም። መነጽራቸውን አውልቀው የብረቱን ውፍረት የያዘውን ሰንጠረዥ በጣታቸው እየነኩ፣ «ይህ እኮ ለልብስ ማስጫ ካልሆነ በቀር ለድልድይ አይሆንም» አሉ። ጭነቱን ያስገባሁት በቶን ነበር፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚጠብቀው ኪሎኒውተን የተባለውን የኃይል መለኪያ ነው። አንድ ቶን የሚያሳርፈው ክብደት ወደ 10 ኪሎኒውተን ስለሚጠጋ፣ ድልድዩ መሸከም ያለበትን ጭነት አንድ አሥረኛ አድርጌ አስልቼው ነበር። ወረቀቶቹን መልሰው ሰጡኝ። ለማንም አልተናገሩም፤ ለእኔም ከዚያ በኋላ አንሥተውብኝ አያውቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የራሳቸውን ስሌት ዘርግተው «እስቲ አንቺ አርሚልኝ» አሉኝ። ለምን እንዳደረጉት የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

በሳይት ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ነበሩ ማለት አልችልም፤ ያው ነበሩ። አንድ ቀን የምሰሶ አርማታ ሙሌት እየተካሄደ ሳለ ወጣቱ ፎርማን ማደባለቂያው ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ጨመረበት። ሰው እንደሚያስበው ይህ ስርቆት አይደለም፤ የደረቀ አርማታ ለመጎትጎት ያደክማል፣ ውሃ ሲጨመርበት እንደ ገንፎ ይፈስሳል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው። አሜሪካዊው ደፍ ኤብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳየው፣ ከሲሚንቶው አንጻር ውሃው በበዛ ቁጥር የጠጠረው አርማታ ጥንካሬ ይቀንሳል። ጋሼ አልጮኹም። የድብልቁ መቅጠን የሚለካበትን፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውን የስላምፕ ሾጣጣ አስመጥተው መሬት ላይ ተንበረከኩ፤ በሦስት ዙር ሞልተው እያንዳንዱን ዙር በዘንጉ 25 ጊዜ ወግተው ሾጣጣውን ቀስ ብለው ሲያነሡት፣ ድብልቁ ቆሞ መቆየቱ ቀርቶ ጉልበታቸው ድረስ ተንጠፈጠፈ። «ይደፋ» አሉ። ተደፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ሌላ አለቃ ሲያደርገው አላየሁም። ፎርማኑን ጥላ ሥር አስቀምጠው ለምን ውሃ መጨመር እንዳስፈለገው ጠየቁት። ጠጠሩ ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር፤ ድብልቁ ገና ሳይፈስስ ይደርቅባቸዋል። ጥፋቱ የሰዓቱ ነበር፤ ሰዓቱን ያወጡት ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ናቸው። በማግስቱ ሙሌቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንዲጀምር አዘዙ፤ በሳይቱ መዝገብም «የተደፋው አርማታ በእኔ የሰዓት ስሕተት የመጣ ነው» ብለው ፈረሙ። ያ ፎርማን ዛሬ የራሱ ሠራተኞች ያሉት ሰው ነው፤ በቀብሩ ዕለት ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር።

የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በተለምዶ ከሙሌቱ በኋላ በ28ኛው ቀን፣ ኪዩብ የሚባለውን እኩል ጎን ያለው የናሙና ጡብ በመጨፍለቅ ነው። በጋሼ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ የአራቱ ልጆች የልደት ቀኖችና የኪዩብ መስበሪያ ቀኖች ጎን ለጎን በአንድ ዓይነት እርሳስ ይጻፉ ነበር። ትንሹ ልጃቸው ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ኪዩብ የሚባል አምስተኛ ወንድም ያለው ይመስለው እንደነበር ራሱ አጫውቶኛል።

ቤተሰባቸውን ይወዱ ነበር ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዜና ዕረፍቱም ይህንኑ ጽፏል። ነገር ግን የመንገድ መሐንዲስ ሚስትና ልጆች ዓመቱን እኩሌታ ያለ እሱ ነው የሚኖሩት። ጋሼም ይህን ሸፋፍነው አያውቁም። ከካምፕ በየሳምንቱ ለልጆቹ ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ምክር የለበትም፤ የሥራው ሥዕል ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ባዶ ወንዝና ሁለት ካስማ፣ በሁለተኛው ጉድጓድ፣ በአምስተኛው ከውሃው ብቅ ያለ ምሰሶ፣ እንዲህ እያለ ድልድዩ በየሳምንቱ ያድጋል። በእያንዳንዱ ሥዕል ጥግ ላይ ኮፍያ ያደረገ አንድ ትንሽ ሰው አለ፤ ልጆቹ እሱን ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ደብዳቤው አይታጠፍም ነበር። በመጨረሻው ሥዕል ሰውየው ድልድዩን ተሻግሮ ፊቱን ወደ ቤት አዙሯል። ልጆቹ አባታቸው የሚመጡበትን ቀን የሚያውቁት በዚህ ነበር። ቤቱን በዚያ ሁሉ ዘመን ያቆሙት ግን ባለቤታቸው ናቸው፤ ጋሼ በዚህ ጉዳይ ላይ ምስጋና ሲቀርብላቸው አቋርጠው ወደ እሳቸው ይጠቁሙ ነበር፤ ልክም ነበሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጅ ልጃቸው ሁለት የመጽሐፍ መደርደሪያ ከጣሪያ በገመድ ሰቀለ። የላይኛውን ጣውላ ከጣሪያው፣ የታችኛውን ደግሞ ከላይኛው ጣውላ ጋር አሰረው። ጋሼ፣ ያኔ 83 ዓመታቸው ነበር፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና አንድ በአንድ መጽሐፍ እያቀበሉት ከታች አስደረደሩት። የላይኛው ጣውላ ምንም ሳይቀመጥበት ቋጠሮው መንሸራተት ጀመረ። በዚሁ ዓይነት ስሕተት እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለት ተንጠልጣይ መተላለፊያዎችን ከጣሪያ የወረደ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ለየራሳቸው ይዟቸው ነበር፤ ለሥራ እንዲቀል ተብሎ ዘንጉ ለሁለት ሲከፈልና የታችኛው ከላይኛው ላይ ሲንጠለጠል፣ የላይኛው መጋጠሚያ የሁለቱን ጭነት ብቻውን ተሸከመ። በወረቀት ላይ ለውጡ የአንዲት መስመር ነገር ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ለልጁ ከነገሩት በኋላ አንድ ረጅም ገመድ በሁለቱም ጣውላዎች አሳልፈው ለእያንዳንዱ የራሱን ቋጠሮ አሠሩለት። መደርደሪያው አሁንም አለ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስባቸው ውሃ ነበር። ድልድይ በብዛት የሚወድቀው መኪና ከብዶት ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጎርፍ የምሰሶውን እግር ቦርቡሮ ባዶ ስለሚያስቀረው ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ወንዝ ድልድይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1987 በዚሁ ምክንያት ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞተዋል። ጋሼ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ጭምር፣ ዱላቸውን ይዘው ይወርዱና ከምሰሶው ሥር የተደረደረው ድንጋይ ከቦታው መኖሩን ያዩ ነበር። አንድ ጊዜ ድንጋዩ ተጠርጎ መሠረቱ ተጋልጦ አገኙት። ስሙን ለማልጠራው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጻፉ፤ መልስ የለም። እንደገና ጻፉ። በሰባተኛው ደብዳቤ ላይ ሥዕሉንና ልኬቱን አያይዘው «ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም፤ መጪው ክረምት ግን አይጠብቅም» አሉ። ሠራተኞች መጥተው ድንጋዩን መለሱ። ስለዚህ ጉዳይ የትም አልተዘገበም፤ ምን ተብሎ ይዘገባል?

አሁን አንድ የማልስማማበትን ነገር ልናገር፤ ጋሼ ካስተማሩኝ ነገር አንዱ የሚያስመሰግነውን ብቻ አለመጻፍ ነውና። ትሕትናቸው እሳቸውን ብቻ የሚጎዳ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የክፍላችንን ሥራ ለበላይ ሲያቀርቡ እንደ ተራ ነገር እያሳነሱ ስለሚያቀርቡት፣ በሥራቸው የነበርነው ሰዎች ዕድገትም ምስጋናም ሲያልፈን ብዙ ጊዜ አይተናል። በጉባኤ ላይ ድምፁ ከፍ ያለ ሌላ ሰው የጋሼን ንድፍ እንደራሱ አድርጎ ሲያቀርብ ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ወጥተን ስቆጣ፣ «ንድፉ ልክ ከሆነ ምን ቸገረሽ?» አሉኝ። ቸግሮኝ ነበር፤ ምክንያቱም ስዕሉን ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ይህን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እሱን አላሰብኩትም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዕሎቹ ላይ የሠራው ሰው ስም ሳይጻፍ ከክፍላችን ወጥተው አያውቁም።

የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአጭሩ ልናገር። ባለቤታቸው የመርሳት ሕመም ሲጀምራቸው ጋሼ የ79 ዓመት ሰው ነበሩ። በእያንዳንዱ መሳቢያ ላይ በንድፍ ወረቀት በሚጻፈው ቀጥ ያለ ጽሑፍ «ማንኪያ»፣ «ሹራብ»፣ «መድኃኒት» እያሉ ጽፈው ለጠፉ። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት በግድግዳው ላይ የእንጨት መደገፊያ ዘረጉ። ብሎኖቹን አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ልጆቻቸው እየጮኹባቸው በሁለት እጃቸው ተንጠልጥለው በሙሉ ክብደታቸው ሞከሩት። መደገፊያው ሲነካ እንዳይቀዘቅዝባቸው ብረት ትተው እንጨት መምረጣቸውን፣ ማታም በእጅ ተዳስሶ በሩ መቅረቡ እንዲታወቅ ከመጨረሻው አንድ ክንድ ሲቀር ትንሽ ጎድጎድ አድርገው መቅረጻቸውን ያወቅሁት እኔም አንድ ሌሊት በእንግድነት አድሬ መብራት በጠፋ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው ለስድስት ዓመት በዚያ ሄዱ፤ አንድም ቀን አልወደቁም። ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ ጋሼ ራሳቸው ተጠቀሙበት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ ስማቸው በተሳሳተ መንገድ የጎላበት የምረቃ መጽሔት ደርሷቸው፣ በጽሑፍ አስተካክለው ሲልኩ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቃሉን የወሰድኩት ከዚያ ነው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትማችሁ በእርማት ዓምድ ሥር የሚከተለውን አውጡልን፦

«ባለፈው ወር ባወጣነው ዜና ዕረፍት ላይ ‹ከ40 በላይ ድልድዮችን የገነቡት ታላቁ ኢንጂነር› የሚለው ‹በ22 ድልድዮችና በ9 ካልቨርቶች ሥራ ከሌሎች ጋር የተሳተፉት የመንገድና ድልድይ መሐንዲስ› ተብሎ ይነበብ።»

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ባልደረባቸው